ቀዳዳው የጠመመ ዋሽንት

ባለፈው ሳምንት ሰመራ መናኸሪያ አጠገብ፣ ልጄ ባጃጅ ልትጠራልኝ ሄዳ ጥላ ፈልጌ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ጎልማሳ ሰው አጥር ላይ ዋሽንት ደርድሮ ሲሸጥ አየሁ። ዋሽንት ስላችሁ የሸምበቆ እንዳይመስላችሁ። የውሃ ቧንቧ ነው፣ ወላሂ። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ውሃ የሚያመላልሰውን ፕላስቲክ ቆርጦ፣ በስቶ፣ ቀይና ቢጫ ፕላስተር ጠምጥሞበት ሰቅሎታል። የእኔ እጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ አንዱን አነሳሁና እንደ ድሮዬ ጆሮዬ ስር ይዤ በጥፍሬ ኳ ኳ አደረግሁት። ሰውየው ሳቀብኝ። "እማማ፣ ሐብሐብ እኮ አይደለም" አለኝ። ዋጋውን ብጠይቀው ሁለት መቶ ብር። ጉድ እኮ ነው! ያኔ በሁለት መቶ ብር የአንድ ወረዳን ዋሽንት ከነነፊዎቹ ጠቅልዬ እገዛ ነበር። ፊቴ ሲቀያየር አይቶ ነው መሰለኝ፣ ይሄ በሙቀት አይሰነጠቅም፣ ለዚህ አገር የሚሆነው እሱ ነው ብሎ ሊያግባባኝ ሞከረ። ልክ ነው፣ አይሰነጠቅም። ግማሽ ዕድሜዬ ያለቀው የሚሰነጠቀውን ከመሰንጠቅ ሳድን ስለሆነ ግን የሱ አለመሰንጠቅ ምንም አላጽናናኝ። ባጃጇ መጣች፣ ተሳፈርን፣ ልጄ ስለ መሥሪያ ቤቷ ታወራኛለች፤ እኔ ግን አዋሽ ገብቻለሁ።

አዋሽ ሰባት ውስጥ ያኔ ስሜ ዋሽንቷ ዘይነባ ነበር። ነፊ ስለነበርኩ አይደለም። በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ዋሽንት ወደ ከንፈሬ አስጠግቼ አላውቅም። ልጃገረድ ሳለሁ ማን ያገባኛል ብዬ፣ ካገባሁ በኋላ ባሌ ምን ይለኛል ብዬ፣ እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሰው ምን ይላል ብዬ ተውኩት። አሁን ማንም ምንም አይለኝም፤ ትንፋሹ ነው የሌለው። ስሙን ያወጣልኝ ንግዱ ነው። ባቡር ጣቢያው በር ፊት ለፊት፣ ኒሟ ዛፍ ስር፣ የሽቦ አልጋ ዘርግቼ ያገለገለ ዕቃ እሸጥ ነበር። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ ባቡር ላይ የተረሳ ጃንጥላ፣ የወታደር ኮዳ፣ ግራው ብቻ የቀረ ኮንጎ ጫማ (የሚገዛው አይጠፋም፣ እንዳትስቁ)። መሃል ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለው ዋሽንቴ ነው። የድሬዳዋው ባቡር ሲገባ ሴቶቹ የኮንትሮባንድ ሻሽና ሽቶ በቀሚሳቸው ስር ደብቀው እንደ እርጉዝ እየተንገዳገዱ ይወርዳሉ፤ ጎረምሶቹ ከታች ሰፋ ያለ ቴትሮን ሱሪያቸውን አቧራ እንዳይነካው በሁለት እጃቸው ሰብስበው ይሄዳሉ። ከሻይ ቤቱ ቴፕ ሪከርደር ዘፈን ይመጣል። ሻይ አስር ሳንቲም ነበር፤ ስኳር በጠፋ ሰሞን በከረሜላ ይጠጣ ነበር። ዘፈኑ ውስጥ ዋሽንት የገባ እንደሆነ ከመንገደኛው አንዱ ዞር ዞር ብሎ ወደ እኔ አልጋ መምጣቱ አይቀርም። እኔም ያን ጊዜ ዋጋውን በስሙኒ ከፍ አደርጋለሁ።

ያገለገለ ዋሽንት ማን ይገዛል ትሉ ይሆናል። የሚያውቅ ሰው አዲሱን አይገዛም። አዲስ ዋሽንት ድምፁ ሻካራ ነው፣ ገና ከዛፍነቱ አልወጣም። ትንፋሽ የጠገበው ነው የሚጣፍጠው። ችግሩ ሌላ ነው። ዋሽንት የሚሠራው በባለቤቱ እጅ ልክ ነው። ሰውየው ጣቶቹን ሸምበቆው ላይ ያሳርፋል፣ ያረፉበትን በከሰል ይነቁጣል፣ በጋለ ሽቦ ይበሳዋል፣ አራት ቀዳዳ። ስለዚህ የአንዱ ለሌላው እንዲሁ አይሆንም። እኔ ደንበኛ ሲመጣ ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር የማየው። ዘርጋ እለዋለሁ፣ ይዘረጋል፤ ከጆንያው ውስጥ ልኩን መዝዤ አወጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ አልሳሳትም። የሚነፉልኝ አያ ይመር ነበሩ፣ የባቡሩ መጋዘን ዘበኛ፣ ሽማግሌ የቦረና ሰው። ወሎ ቦረናን ማለቴ ነው። የተሰነጠቀ ዋሽንት በእርጥብ የፍየል ቆዳ አስረው ሲያድኑ እጃቸው መርፌ አያያዝ ያውቃል። የቀጠናው ሙቀት ቀርከሃውን እንዳይበላው በየዓርብ ዓርቡ በሰሊጥ ዘይት ቀቢው ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ ዓርብን አላሳለፍኩም።

ዕቃውን የማመጣው ከዱብቲ የጥጥ እርሻ ነው። ጥጥ ለቀማው ሊያልቅ ሲል በሾፌሩ በተካ ከባድ መኪና እወጣለሁ፤ ተካ የአሰብ መንገድ ሾፌር፣ አፉ ክፉ ልቡ ደግ የሆነ ሰው ነው። ከዱብቲ በፊት ያለውን ሜዳ ስናቋርጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆምና ጎማውን በእግሩ ይመታል። ሰመራ ማለት ያ ነበር። ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስ፣ የተካ ጎማ። አሁን ልጄ ፎቅ ላይ ሆና ከዚያው ሜዳ ላይ ዩኒቨርሲቲና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታሳየኛለች፤ እኔ ግን ጎማ የሚመታ ሰው ነው የሚታየኝ። ዱብቲ ስንደርስ ለቃሚው ሁሉ ደሞዙን ተቀብሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ሬዲዮና ብርድ ልብስ ይገዛል። ደጋ ሲወጣ ደጋው ሌላ ቀርከሃ ሞልቶታል፤ ዋሽንቱን ለእኔ ይሸጣል። አንድ ብር፣ አንድ ብር ከስሙኒ፤ ድምፁ ወፍራም ከሆነ ሁለት ብር።

ከዕቃው ጋር ግን አንድ ነገር አብሮ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያው ማን እንደነበር ረስቼዋለሁ፤ ዋሽንቱን ሸጦልኝ ሲያበቃ፣ ከአገሬ ሰው ቢመጣና ይቺን ቢያውቃት ወንጂ ሄደ በይልኝ አለኝ። ቀጥሎ ሌላው፣ ታምሞ ሐኪም ቤት ገባ በይልኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ። አድራሻ የሚባል ነገር የሌለው ሰው ነው እኮ ለቃሚ። ደብዳቤ ቢጽፍ በማን በኩል? የአገሩ ሰው ግን ዋሽንቱን ያውቃል፣ በቅርፁ፣ በክሩ አስተሳሰር፣ በድምፁ። ስለዚህ እኔ ዋሽንቱን ብሸጠውም ቃሉ እኔ ጋ ይቀራል፤ የጠየቀኝን እነግራለሁ። ቃሉን ስቀበል እንዳልረሳው ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ፤ ስሰጥም ተቀባዩን ሦስት ጊዜ አስደግመዋለሁ። ይህን የተማርኩት ከጎረቤቴ ከሐዋ ነው። ሐዋ አፋር ናት፣ ከአልጋዬ አጠገብ በቅል ወተት የምትሸጥ፣ ዝምተኛ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፣ ዳጉ ይሉታል፤ ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ደግሞ ሰው አይባልም። አያ ይመር በበኩላቸው "አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ" ይሉኝ ነበር። እንግዲህ በሁለት በኩል ተመክሬያለሁ፤ አልሰማሁም እንዳልል።

እንድሪስን ያገኘሁት በዚያው ዱብቲ፣ የጥጥ መጋዘኑ ጥግ ነው። ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሳቁ የሚቀድም የአምባሰል ልጅ። ዋሽንቱ ረጅም ነው፣ የቆላ ሳይሆን የደጋ ቀርከሃ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው። ዓይቼ ደስ ብሎኝ ሳገላብጠው የታችኛው ቀዳዳ ከሌሎቹ መስመር ወጥቶ ወደ ጎን ጠሟል። ይሄ ምንድን ነው ስለው ሳቀና የቀኝ እጁን መሃል ጣት አሳየኝ። ልጅ ሆኖ ቀንበር ሰብሮት ወደ ጎን ተጣምሞ የተጋጠመ ጣት ነው። ዋሽንቱን በእጁ ልክ ሠርቶት ኖሯል። ይሄንን ከአንተ በቀር ማን ይነፋዋል ብዬ ዋጋውን ሰበርኩበት፤ አልተከራከረኝም። ለውትድርና እንዳይታፈስ ወጣት ወንድ ራሱን የሚደብቅበት ጊዜ ነበር፤ ዋሽንት ደግሞ አይደበቅም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እጁ አላርፍ ብሎት ቢነፋው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ነው የሸጠው። ሲሰጠኝ ሳቁን ተወና፣ "እናቴ ትመጣለች። ለማንም አትንገሪ፤ ለሷ ግን አሰብ ወረደ በያት" አለኝ። በምን አውቃቸዋለሁ ብለው፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ቀዳዳውን በጣቷ ፈልጋ ታገኘዋለች አለኝ። ሦስቴ ደገምኩለት። በዚያው ዕለት አሰብ በሚወርድ መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ሄደ፤ ስቆ ነው የሄደው።

ያ ዋሽንት ጆንያዬ ውስጥ ከረመ። ነፊ ሁሉ በድምፁ ይማረክና ጣቱን ሲያሳርፍ የታችኛው ይነፍሳል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔም መሸጥ አቅቶኝ ዕቃ ተመልሶ ሲቀመጥ ያመኛል፣ የነጋዴ በሽታ ነው። በመጨረሻ የቀበሌው ኪነት አሰልጣኝ መጣ። ካኪ ለባሽ፣ እስክሪብቶውን ደረቱ ላይ የሰካ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረምሳ ነው። ልክ የዚያን ርዝመትና የዚያን ድምፅ ፈለገ፤ ለበዓል ሊያሳዩ ነው፣ ሃያ ብር እሰጣለሁ አለ። ሃያ ብር! ለዋሽንት! ቅዳሜ ና አልኩትና አያ ይመር ዘንድ ሮጥኩ። ጠማማውን ድፈኑልኝ፣ ቀጥ ያለ ሌላ ብሱልኝ አልኳቸው። አገላብጠው አዩት። የሰው ጣት ነው እኮ ይሄ፣ ዘይነባ፣ አሉኝ። እኔ ደግሞ ዕቃ ነው አልኳቸው። ሰም ከከሰል ዱቄት ጋር ለውሰው ደፈኑት፣ አጠገቡ ቀጥ አድርገው በሱ፣ እኔ ዘይቱን አሸሁበት። ማንም አይለየውም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኙ አልጋዬ ፊት ቆሞ፣ ዋሽንቱን አያ ይመር ነፍተው እያሰሙት፣ ብሩ በእጁ ሆኖ ሳለ፣ አንዲት አሮጊት ከጥጥ መኪና ወርደው በቀስታ መጡ። እግራቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል። ሰላምታ ሰጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ ዱብቲ እንደ ነገሯቸው ዋሽንት የምትገዛዋ ሴት እኔ መሆኔን ጠየቁኝ። ከአምባሰል ነው የመጣሁት፣ ልጄን ፍለጋ፣ እንድሪስ ይባላል፣ አሉ። እሳቸው ግን መልሴን ሳይጠብቁ ጆንያውን ፈትተው ዋሽንቶቹን አንድ በአንድ መዳሰስ ጀመሩ። ምንም አልቸኮሉም። ጨርሰው እጃቸውን ወደ አያ ይመር ዘረጉ፤ አያ ይመርም ያን ረጅሙን ሰጧቸው፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። አሮጊቷ ዋሽንቱን እንደያዙት እጃቸው ቆመ። መዘኑት። ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች ሰደዱ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ወረደ።

"አይ፣ አይደለም" አሉ። "የእሱ ጠማማ ነው። ሌላ የለሽም፣ ልጄ?"

"የለኝም" አልኩ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ስደቡኝ፤ እኔ ራሴን ስሰድብ ኖሬያለሁ። ጆሯቸው ላይ ሹክ ማለት ይቻል ነበር። ወደ ጓዳ ኑ ማለት ይቻል ነበር። ግን ሰውየው ብሩን ይዞ ቆሟል፣ አሮጊቷ ዋሽንቱን አቅፈው ካለቀሱ ሽያጩ ይቀራል፣ ድፍኑም ይታወቃል። እሱ ይሂድልኝና እነግራቸዋለሁ አልኩ በልቤ፤ ደቂቃ ነው አልኩ። እሳቸው ዋሽንቱን መልሰው ለአያ ይመር ሰጡና ረጋ ብለው፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው አሉ። እዚህም ከታጣ ሞቷል ማለት ነው፤ ወደ አገሬ ተመልሼ ሰደቃውን አወጣለሁ፣ በጉ ከዓምና ጀምሮ ታስሮ ይቀለባል። መረቁኝ። ልጅ ይውጣልሽ፣ ንግድሽ ይባረክ ብለው ሄዱ። አሰልጣኙ ደግሞ በዚያን ዕለት አልሄድ አለ። አንዴ ዘፈን ይንፉልኝ ይላል፣ አንዴ ከክራሩ ጋር ይስማማል ወይ ይላል፣ አንዴ ደረሰኝ ይለኛል፤ ደረሰኝ ከየት ይምጣ? ብሩን ተቀብዬ ቀና ስል አሮጊቷም ወደ ሚሌ የሚመለሰው የጥጥ መኪናም የሉም።

ሐዋ ወተቷ ላይ ያለውን ዝንብ እያባረረች፣ ሁሉንም አይታ ነበር። ወደ እኔም አልዞረችም።

"ዘይነባ" አለችኝ፣ "አሮጊቷ ወሬ ጠየቀችሽ። አንቺ ወሬ ነበረሽ።"

ይህንን ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ወዲያ ቅሏን ተሸክማ ተነሥታ ሌላ ጥላ ስር ሄደች። ዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ ከእኔ ርቃ የተቀመጠችው ያን ቀን ነው። ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።

ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ። ሃያ ሰላሳ ልጆች ይለማመዳሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ አሰልጣኙ እጁን እያወዛወዘ ያስተባብራል። ወደ ጎን ልጥራው ብዬ አሰብኩና ተውኩት፤ በሹክሹክታ ነው እዚህ የደረስኩት አልኩ። ከበሮው ሲቆም ጮክ ብዬ፣ ዋሽንቱ የተለጠፈ ነው፣ አታልዬሃለሁ፣ ብርህን እንካ አልኩት። ልጆቹ ሳቁ፣ እሱ ተቆጣ፣ አጭበርባሪ፣ ለቀበሌ አመለክትብሻለሁ አለ፤ ግን ዋሽንቱን መለሰልኝ። አዋሽ ውስጥ ከዚያ በኋላ ዘይነባ ለጣፊዋ የሚሉኝ አልጠፉም። ተካ በዕድሌ የዚያን ቀን ወደ አሰብ ይወርድ ነበር፤ ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ ነገርኩት፤ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ ሰድቦኝ ሲያበቃ፣ መኪናው ላይ ውጪ አለኝ። ገዋኔ አደርን፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሚሌ ደረስን።

ሚሌን ለማያውቅ፣ መንገዱ የሚከፈለው እዚያ ነው። ወደ ግራ ባቲና ደሴ፣ ፊት ለፊት ሎጊያና አሰብ። ኬላም አለ። ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ ከተማ መሄድ የለም፤ አሮጊቷ ደግሞ የወረቀታቸው ቀን አልፎ ኖሮ ከመኪናው አውርደዋቸው፣ ኬላው አጠገብ የቆመ ተጎታች ጥላ ስር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀኑ ያለፈበትን ወረቀት የጻፈውን ጸሐፊ አላህ ይስጠው። ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁና ዋሽንቱን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት። ዳሰሱት፣ አወቁት፤ ያሳየሽኝ ነው እኮ ልጄ፣ አይደለም አልኩሽ፣ አሉ። እኔ ከሻሼ ላይ መርፌዬን ነቅዬ ሰሙን መፈንቀል ጀመርኩ። ሙቀቱ አለስልሶት ነበር፣ አላስቸገረኝም። ጠማማው ቀዳዳ ሲከፈት እጃቸውን ይዤ ጣታቸውን አሳረፍኩበት።

ጣታቸውን ቀዳዳው ዙሪያ አዞሩ፣ አዞሩ። ከዚያ፣ "በሕይወት ነው የሄደው?" አሉኝ።

"በሕይወት። እየሳቀ። እናቴ ከመጣች አሰብ ወረደ በያት ብሎኛል።"

ያን ጊዜ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ለምን ይዋሻል። ትናንት ለምን እንደዋሸሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብሩን፣ ድፍኑን፣ አሰልጣኙን። እጃቸውን ስሜ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ "አውፍ ብዬሻለሁ። በጉንም አተረፍሽው" አሉኝ። ከዚያ ተነሡ። ወደ ግራ አላዩም። ለባቲ የሚሆን ወረቀት ያልነበራቸው ሴት ለአሰብ ከየት ያምጡ? ተካ ግን ኬላው ላይ ላለው ወታደር፣ እናቴ ናቸው፣ የባሕር አየር ላስለውጣቸው ነው አለው፤ ወታደሩም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ጋቢና ላይ ደግፌ ካወጣኋቸው በኋላ በመስኮቱ ዋሽንቱን መልሰው ሰጡኝ። አንቺው ያዢው አሉኝ፤ ምናልባት እሱ በሌላ መንገድ ተመልሶ ቢመጣ፣ የሚያውቀው ቤት ያንቺን ነው፤ እናትህ አሰብ ወረደች በይው። እኔ ሰውን ሦስቴ እንደማስደግም ማን ነገራቸው? ሦስቴ አስደገሙኝ።

በዓመቱ ተካ አንድ ወሬ አመጣልኝ። አሰብ ወደብ በር ላይ አሮጊቷ ቆሎ ይሸጣሉ፤ ሰው ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ፣ ቆሎውን ከመስፈራቸው በፊት ጣቱን በእጃቸው ይዳስሱታል። ከዚያ በኋላ ሌላ አልሰማሁም። ተካም ሞተ፣ አያ ይመርም ሞቱ፤ ሐዋ ከሚሌ ከተመለስኩ ሰሞን ጀምሮ ወደ ጥላዬ ተመልሳ እስክትሞት አብራኝ ተቀመጠች። ዘመኑ ሲገለበጥ የአሰብ ሰው ፍራሹንና ፍየሉን ተሸክሞ በዚያ መንገድ ሲመለስ እኔ ሎጊያ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ስንት ቀን አስፋልት ዳር ዋሽንቱን ይዤ ቆምኩ። ጠማማ ጣት አላየሁም። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። ባቡሩም አዋሽ ላይ ቆመ። የቀረው ዋሽንቱ ነው፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ ማንም ሊነፋው የማይችል፣ በዘይት የጠገበ ቀርከሃ። አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀረው። ልጄ "እናቴ፣ ሰዎቹ እኮ አሁን በሕይወት አይኖሩም" ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። አይመጣም ብለሽ ጣይው ያለኝ ግን የለም።

የፕላስቲኩን ዋሽንት ካየሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ነገ ብሞት ይህ ቃል ማን ጋ ይቀራል? ልጄ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትውለው፣ የሰው እጅ አታይም። ሰውየው ግን መንገድ ዳር ነው፣ ያውም የአሰብ መንገድ ዳር፤ ቀኑን ሙሉ ሰው እጁን ይዘረጋለታል። ትናንት ጠዋት ዋሽንቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ብቻዬን ባጃጅ ያዝኩና ሄድኩ። ሲያየኝ፣ ሐብሐቧ እናት መጡ አለ። ፈትቼ ሰጠሁት። አገላበጠው፣ ጣቶቹን አሳረፈ፣ የታችኛው ነፈሰበት። ለምን ሁለት ሆነ፣ የትኛው ነው ልኩ፣ አለኝ። ጠማማው ነው አልኩት። ስንት ልስጥዎት አለኝ። አይሸጥም፣ ቃል አለው አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ እንድሪስን፣ እናቱን፣ ራሴንም ሳልምር። በየዓርቡ ዘይት አልኩት፣ እሺ አለኝ። እንግዲህ ድገም አልኩት።

"እናትህ አሰብ ወረደች" አለ እየሳቀ። ድገም አልኩት። ደገመ። ሦስተኛውን ሲል አልሳቀም። ዋሽንቱን ከፕላስቲኮቹ በላይ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ሰቀለው። ከሎጊያ በኩል የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ወረደ፤ አንድ ሸበቶ ሰው ወደ አጥሩ ቀረብ ብሎ፣ ያን ቢጫውን አሳየኝ እስቲ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሻጩ ቢጫውን ዋሽንት አወረደ፤ ከመስጠቱ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ የሰውየውን ጣት አየ።